ያልገዛው አንድ ሰው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሶፎንያስ ጌታሁንን መንገድ ላይ ሰላም ብሎ መልስ ያጣ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይባላል።

«ዘጋኝ!» ይላል ሰውየው፣ ግማሹን እየሳቀ ግማሹን እየፈራ።

«አይቶህ ነው ወይስ ሳያይህ?»

«ዓይን ለዓይን ተያይተን! ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ እንጂ!»

«በል እንግዲህ፣ ዳቦ ግዛልን!»

በማግስቱ የግዢው ዜና ሲወጣ የተዘጋው ሰው አምባር ላይ ያለችው የዋጋው ቁጥር ትንሽ ከፍ ትላለች። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቱ የነበሩት ሰዎች ቦታ ይለቁለታል።

ሶፎንያስ የጽናት ፈንድ አስተዳዳሪ ነው። ገንዘቡ የጡረተኞች ነው፤ የሚገዛው የሰው ድርሻ ነው። ልጅ ለአቅመ ሥራ ሲደርስ አምባር ይታሰርለታል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሽማግሌ «ዋጋህ አይውረድ» ብሎ ይመርቃል። ከዚያ ልጁ ገበያ ይወጣል። ወደፊት ከሚያፈሰው ላብ ላይ ቆርሶ ይሸጣል፤ በሸጠው ይማራል፣ ቤት ይይዛል፣ ያገባል፣ ይታከማል። የገዛው ደግሞ ሰውየው ሠርቶ እስኪያበቃ ድረስ ከገቢው ላይ ድርሻውን ይወስዳል። ይህ ከተለመደ ቆይቷል። የሚገረም ቢኖር ሽማግሌ ነው፤ እሱንም የሚሰማው የለም።

ፈንድ አስተዳዳሪ የገዛውን ሰው ማነጋገር አይችልም። ሰላምታ፣ ማዕድ፣ መልእክት፣ ሁሉም ክልክል ነው። የዝምታ ሕግ ይባላል። ሲጀመር ምክንያት ነበረው፤ የመጀመሪያዎቹ አስተዳዳሪዎች የገዟቸውን ሰዎች ቤት እየዞሩ ማን እንደታመመ፣ ማን ከሥራው ሊባረር እንደሆነ እየሰሙ ገበያውን ይቀድሙት ነበር። ስለዚህ አፋቸው ተዘጋ። ኮታቸው ላይ አዝራር የምታህል ጠባቂ ተሰፋችላቸው። የተገዛ ሰው ሲቀርብ ጢጥ ትላለች። ሦስተኛዋ ጢጥ ሳትሰማ ፊትን አዙሮ መራቅ ነው፤ አለዚያ ፈንዱ ይዘጋል፣ አስተዳዳሪውም ይታሰራል። ድርሻውን መልሶ ቢሸጠው እንኳ ዝምታው ዓመታት ይቆያል።

እንግዲህ ሶፎንያስ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲገዛ የኖረ ሰው ነው። የገዛቸው ሰዎች ከተማውን ሞልተውታል። የሚያናግሩት ያልገዛቸው ናቸው። ያልገዛቸው ደግሞ ያልገዛቸው በምክንያት ነው።

ሥራውን ያስተማረው ሰው የለም። መግዛት ከመጀመሩ በፊት የገበያው ቅሬታ ስልክ ተቀባይ ነበር። ዋጋቸው የወረደባቸው ሰዎች ይደውላሉ፤ እሱ ይሰማል፤ «ቅሬታዎ ተመዝግቧል» ይላል፤ ይዘጋል። አብዛኞቹ ይጮኻሉ። ጥቂቶች ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቃሉ። «ወንድሜ፣ ለቅሶ ቤት ቆይቼ ነው። ለማወቅ ያህል ነው የደወልኩት። ካወረዳችሁትም ምንም አይደል።» ሶፎንያስ እነዚህን ሰዎች ልብ አላቸው። ሁለተኛ አይደውሉም። ከዓመታት በኋላ ስማቸውን ሲፈልግ ዋጋቸው ያው ዝቅተኛው ነው፤ ገቢያቸው ግን አንድም ወር አልተቋረጠም።

ገበያው ለቅሶ ቤት የተቀመጠን ሰው ሥራ እንደፈታ ሰው ነው የሚቆጥረው። ለቀብሩ ቀን ትንሽ ይታገሣል። ስለዚህ ሰው ይመጣል፣ ድንኳን ሥር ይቆማል፣ ነፍስ ይማር ይላል፣ አምባሩ ሲነዝረው ይሄዳል። ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሐዘንተኛዋ ከባዶ ወንበሮች ጋር ስትቀር ተመልሶ የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። የመጣው ሰው ዋጋ በየሰዓቱ ይወርዳል። ሶፎንያስ የሚገዛው እነዚህን ነው።

«ርካሽ ሁሉ ጥሩ አይደለም» ይላል፣ ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሲገኝ። «ጥሩ ሆኖ የረከሰውን ነው የምፈልገው። ገበያው እንደዚህ ያለውን ሰው ሥራ ሲፈታ ብቻ ነው የሚያየው። ሲታመም ሱቁን ማን እንደሚከፍትለት፣ ልጆቹን ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርስለት አያይም። ሌላው ሲወድቅ ወደቀ ነው። ይኼኛው ሲወድቅ የሚያነሣው አለው።»

ስለዚህ ማንም በማይመጣበት ሰዓት ለቅሶ ቤት ይሄዳል። ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ማን እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ አምባሩን እንዳየ ያስተውላል። አይናገርም። ነፍስ ይማር ብሎ ይወጣል። በማግስቱ ይገዛል፤ የገዛውን ሰው ሁለተኛ አያናግረውም።

መጀመሪያ ላይ ሳቁበት። የአልቃሽ ፈንድ አሉት። ትርፍ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ፤ ጡረተኞቹ ከዘራቸውን ይዘው ቢሮው ድረስ መጡ።

«ስማ አንተ ልጅ፣» አሉ አንዱ፣ የቀድሞ የአየር መንገድ ቴክኒሻን ናቸው፤ «እኛ ገና አልሞትንም እኮ። ገንዘባችንን ለቅሶ ቤት የምታስቀምጠው ለምን ቸኩለህ ነው?»

«ይታገሡኝ አባቴ።»

«እኔ ልታገሥህ እችላለሁ። ፕሮስቴቴ ነው የማይታገሥህ።»

ታገሡት። ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ፤ ፋብሪካዎቹ ሰው መቅጠር ያቆሙበት። ዋጋቸው ሰማይ የነበረ ሰዎች በአንድ ክረምት እንደ ጭቃ ቤት ተናዱ። ሶፎንያስ የያዛቸው ግን ተሸካከሙ። አንዱ የሌላውን ሥራ ተካፈለ፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ ያዘች፤ ገቢያቸው ቀጠነ እንጂ አልተበጠሰም። ጽናት ፈንድ ያን ጊዜ ስም አወጣ። ጡረተኞቹ በግ ይዘው መጡ። በጉን ያመጡለት ሰዎች የፈንዱ ባለቤቶች እንጂ የተገዙ ስላልነበሩ አብረውት በሉ። ከዚያ ወዲያ እነሱም አንድ በአንድ አለቁ።

እናቱ የሞተች ጊዜ ድንኳን ተተከለ። ወደ ድንኳኑ የገቡት ያልገዛቸው ብቻ ነበሩ። ነፍስ ይማር አሉ፣ አምባራቸውን አዩ፣ ሄዱ። የገዛቸው ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ጠባቂዋ ከማትሰማበት ርቀት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆሙ። ብዙ ነበሩ። ዝናብ ዘነበ፤ አልሄዱም። መሻገር አይችሉም፤ እሱም እጁን ማንሣት አይችልም። ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙሮ ተቀመጠ፤ ሕጉ የሚለው እንደዚያ ነውና። ድንኳኑ ሲፈርስ አጠገቡ የቀረ አንድ ሰው ነበር፤ ጎረቤቱ ኪሩቤል አስፋ።

ኪሩቤልን አልገዛውም። ለምን እንዳልገዛው ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ኪሩቤል በኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ፣ ከሶፎንያስ በር ፊት ለፊት ይኖራል። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች። ሥራው ሾፌር የሌላቸውን ሚኒባሶች ተራ ማስከበር ነው። መኪኖቹ ተራቸውን እሱ ሳይነግራቸው ያውቃሉ፤ ተሳፋሪው ግን የሚጮህ ሰው ካላየ አይገባም። ስለዚህ ኪሩቤል ይጮኻል። ቢሮው የሚከፍለው ለድምፁ ነው። ከተማው ውስጥ ለቅሶ ቤት ዘግይቶ በመምጣት፣ ቆይቶ በመቀመጥ የሚያህለው የለም። በሶፎንያስ መለኪያ ከሆነ ከዓመታት በፊት፣ ከሁሉም በፊት መገዛት የነበረበት እሱ ነው።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ፣ ከሁለቱ በር መካከል፣ ዳማ ይጫወታሉ። ቆርኪ የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል፤ የእነሱ ግን የኪሩቤል አባት ያስቀሩት ነው።

«ብላ!» ይላል ኪሩቤል። «አፍህ ውስጥ አስገባሁልህ እኮ! ማኘክም እኔ ልርዳህ?»

«አልበላም። ወጥመድ ነው።»

«ወጥመድ ይላል! ሠላሳ ዓመት ሰው ስትገዛ አልፈራህም፣ አንድ ቆርኪ ትፈራለህ? የጡረተኛ ገንዘብ ያዥ፣ ልብህም ጡረታ ወጣ?»

«ሰው አይበላኝም።»

«እኔ እበላሃለሁ። አሁን። ያውልህ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ንጉሥ! ተነሥና እጅ ንሣ!»

ሶፎንያስ በሳምንቱ ውስጥ ድምፁን የሚሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንዳንዴ ሰኞ ጠዋት ጉሮሮው ይከረክረዋል፤ ትናንት ስለሳቀ ነው።

በሌላው ቀን ዝም ነው። ገበያ ሲሄድ ጠባቂዋ ጢጥ ጢጥ ስለምትል ሰው ባልበዛበት ሰዓት ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይገባም። ውስጡ እሱ በያዛቸው ሰዎች የተሞላ ነው፤ በሩ ላይ እጅጌያቸውን በአምባራቸው ላይ ጎትተው ይገባሉ። እሱ ከውጭ ግንቡን ተደግፎ ቅዳሴውን በድንጋዩ በኩል ይሰማል። ሰምቶ ሰምቶ የድንጋዩን ድምፅ ለምዶታል። እግዚኦ ሲባል ከሕዝቡ ጥቂት ዘግይቶ እሱም እግዚኦ ይላል።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። የኪሩቤል ልጅ ኤልዳና ነች፤ አዳማ ነው የምትኖረው።

«እንዴት ዋሉ ጋሽ ሶፎንያስ?»

«ኤልዱ! ግቢ፣ ግቢ። አባትሽ እኮ ጣቢያ ነው።»

«አውቃለሁ። እርስዎን ብዬ ነው።» አልተቀመጠችም። «አባባ ወለሉን ነካ።»

ወለል የሚባለው የመጨረሻው ዝቅተኛ ዋጋ ነው። እሱን የነካ ሰው ድርሻ ላይ ሰብሳቢዎች ይመጣሉ። ከወለል በታች የሚገዙ ድርጅቶች ናቸው፤ ከሰውየው ሁለት ሦስተኛውን ሲይዙ ሙሉውን እንደያዙ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ሰውየው ተሰበሰበ ይባላል። በአውቶቡስ ወደ ቆላ ይወስዱታል፤ እዚያ የሚሠራውን ይነግሩታል፣ የሚተኛበትን ያሳዩታል። ለቤተሰቡ በየበዓሉ ፎቶ ይላካል። ፎቶው ላይ ሁሉም ይስቃሉ።

«ምን ነካው?» አለ ሶፎንያስ፣ ቢያውቀውም።

«ምን ይነካዋል! ያ መንታ ልጆች የሞቱበት ቤት አለ አይደል? ከዚያ ቤት አልወጣም። የጉልበቱ ሕመምም አለ። ሰብሳቢዎቹ መግዛት ጀምረዋል፤ ሰኞ ጠዋት ይጨርሱታል።» አንገቷን ቀና አደረገች። «ለምንድነው ያልገዙት?»

ሶፎንያስ ወንበር ሳበ፤ እሱም ሳይቀመጥበት ቀረ።

«እርስዎ የሚፈልጉት ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው አይደል? ከአባቴ የበለጠ ማን ተቀመጠ? አስተማሪዬን እንኳ ገዝተዋል። ሥጋ ሻጩን ገዝተዋል። አባቴ ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም።»

«ታዲያ?»

«ዳማ የሚያጫውተኝ የለም፣ ልጄ።»

ልትስቅ ነበር። ፊቱን ስታይ ተወችው።

«ለዳማ ነው?»

«ለዳማ አይደለም» አለ። ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፤ መናገር ሲያስፈልግ ቃሉ ይርቀዋል።

«በራስዎ ስም ቢገዙትስ?»

«ለአስተዳዳሪ ክልክል ነው።»

«ሌላ ፈንድ?»

«ከወለል ሥር የሚገዛ እኔ ነኝ ወይም ሰብሳቢ ነው። ሥራውን ብለቅ ደግሞ ፈንዱን የገበያው ማሽን ይረከበዋል፤ ማሽኑ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ይሸጣቸዋል። ለማን እንደሚሸጣቸው ታውቂያለሽ።»

ኤልዳና በሩን ያዘች። ስትናገር አልጮኸችም።

«ጋሽ ሶፎንያስ፣ እናቴ ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደገኝ አባቴ ብቻ አይደለም፤ ግማሹን እርስዎ ነዎት። አልረሳሁም። ግን በየፋሲካው የሚስቅ ፎቶ እንዲላክልኝ አልፈልግም። እርስዎ ባያናግሩት እኔ አናግረዋለሁ።»

ሄደች። ሶፎንያስ ቆሞ ቀረ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ አንድ ትእዛዝ ነው። ከገዛው፣ ኪሩቤል ቤቱ ይቀራል፣ ጣቢያው ላይ ይጮኻል፣ ሁለቱ ግን በአንድ ኮሪደር ላይ በር ለበር እየኖሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው አይነጋገሩም። ካልገዛ ሰኞ አውቶቡሱ ይመጣል። ከዚህ የጠራ ውሳኔ በሥራ ዘመኑ ገጥሞት አያውቅም። ቅዳሜ ዋለ፤ ትእዛዙን አልሰጠም። ግንቡ ሥር ቆሞ ሠርክ ጸሎት ሰማ፤ ከዚያም ትእዛዙን አልሰጠም። ገና እሑድ አለ፣ ሲል አሰበ። አንድ እሑድ።

እሑድ ኪሩቤል ጋቢውን ደርቦ፣ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ ወጣ። ፊቱ ላይ የተላጨበት ቦታ ይታያል።

«ምነው፣ ልታገባ ነው?» አለ ሶፎንያስ።

«ገዢ መጣብኝ አሉ፤ ተላጨሁ።»

ቆርኪዎቹን ደረደሩ። ኪሩቤል ጀመረ።

«ልጄ አንተ ጋ መጥታ ነበር አይደል?»

«መጥታ ነበር።»

«ነገረችኝ። ተቆጣኋት። እኔን ሸማች ፊት ምን አስቆመሽ አልኳት።» አንድ ቆርኪ ገፋ። «ደግሞም አያስፈልግም። መላ አግኝቻለሁ።»

«ምን መላ?»

ኪሩቤል እጅጌውን ሰበሰበ። አምባሩ ላይ፣ ከቁጥሩ ጎን፣ ትንሽ ነጭ ምልክት ታየች። ሶፎንያስ ያውቃታል። ብዙ ሰው ያሠራታል። ለቅሶ አልደርስም የሚል ቃል ነች። ቃል የገባ ሰው የመጀመሪያዋን እሑድ ሳያፈርስ ካለፈ ቃሉ ይጸናል፣ ዋጋውም ወዲያው ይነሣል።

«ዛሬን ልዋል ብቻ» አለ ኪሩቤል። «ነገ ጠዋት ከወለሉ በላይ ነኝ። ሰብሳቢ ይመለሳል፣ አንተም አትገዛኝም። በየሳምንቱ እበላሃለሁ። እስክታረጅ። አርጅተሃል ለነገሩ።»

ሶፎንያስ ምልክቷን አየ።

«ትችለዋለህ?»

«ምን ያቅተኛል? ሰው ሁሉ ችሎታል። ተጫወት።»

ተጫወቱ። ሶፎንያስ ደስ አለው፤ ቢያስፈራውም ደስታ ነበር። ሁለት ቆርኪ በልቶ ሦስት ተበላ። ኪሩቤል ሰደበው። ከታች ልጆች ኳስ ይመታሉ። ነፋሱ እንደ ልማዱ ከሰሜን በኩል ኮሪደሩን ይጠርጋል።

ከፊት ለፊቱ ሕንጻ ጩኸት ተሰማ።

የሴት ድምፅ ነው። «ናቲዬ! ናቲዬ! ኧረ ናቲዬን!» ወይዘሮ ሜሮን ነች፤ ባልዋ ጋሽ ናቲ ከተኛ ከርሟል። በየማለዳው ወደ ጣቢያ ከመውረዱ በፊት እየሄደ ሰውነቱን ያገላብጥለት የነበረው ኪሩቤል ነው።

ኳሱ ቆመ። ሰዎች ከየፎቁ ሲወጡ፣ በሮች ሲከፈቱ ተሰማ።

ኪሩቤል ወደ ሰሌዳው እንዳጎነበሰ ነው።

«ተጫወት» አለ።

«ያንተ ተራ ነው።»

«እ?»

«ያንተ ተራ ነው ኪሩ።»

ኪሩቤል አንድ ቆርኪ ገፋ። ፊት ለፊቱ የሚበላ ነበረው፤ አላየውም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚበላ አልፎ አያውቅም።

«ሰው አላት» አለ፣ ሳይጠየቅ። «እየሄዱላት ነው። ስማ፣ ደረጃውን ሞልተውታል።»

«ይሰማኛል።»

«ታዲያ ምን አደርግላታለሁ? እኔ ስሄድ ይነሣል? አይነሣም።»

«አይነሣም።»

«አዎ።» ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳበ። «ተጫወት እንጂ!»

ወይዘሮ ሜሮን ቃሏን አጣች፤ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሶፎንያስ ግን የሚሰማው ሌላ ነበር። በቅሬታ ስልክ፣ በለቅሶ ቤት ጥግ፣ በቤተ ክርስቲያን ግንብ፣ የሰው ድምፅ ሲሰማ ነው የኖረው። የጓደኛውን ትንፋሽ እንደዚህ ሰምቶት አያውቅም። ሸክም ተሸክሞ ማውረጃ ያጣ ሰው ትንፋሽ ነው።

«ከሠልስቱ በኋላስ?» አለ ሶፎንያስ።

«ምን ከሠልስቱ በኋላ?»

«እነዚህ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላስ ማን ይቀመጥላታል?»

«አንተ ሂዳ!» ጮኸ ኪሩቤል። ጣቢያ ላይ የሚጮኸው ጩኸት አልነበረም። «አንተ ሂድና ጥግ ይዘህ ተቀመጥ! ማን መጣ ማን ቀረ ብለህ ቁጠር! እኔ ቃል ገብቻለሁ አልኩህ! ላንተ ብዬ ነው የገባሁት፣ ሌላ ለማን መሰለህ!»

ኪሩቤል በመዳፉ ፊቱን ጠረገ።

«ይቅር በለኝ» አለ። «ይቅር በለኝ ሶፊ። ተጫወት።»

ሶፎንያስ ወደ ሰማይ አላየም። አማተበ፤ ምግብ ሲበላም ያማትባል። በሰንበት ገዝቶ አያውቅም።

«ጽናት» አለ፣ ለፈንዱ ትእዛዝ በሚሰጥበት ድምፅ። «ኪሩቤል አስፋ፣ ደብረ ብርሃን። በወለል። የተገኘውን ሁሉ።»

ኪሩቤል ቀና አለ።

«ምን አደረግክ?»

«ገዛሁህ።»

«እሑድ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ግዢው እስኪጸና ትንሽ ጊዜ አለ። ሂድ፤ ያቺን ምልክት አጥፋና ሂድ።»

«የምትበላው አንድ ቆርኪ ቀርቶህ ነበር እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!» ኪሩቤል ተነሣ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ። ወደ ደረጃው አንድ እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። ሰሌዳውን አየ፣ ሶፎንያስን አየ። «ከእንግዲህ ማን ያጫውትሃል?»

ሶፎንያስ ሊመልስ አፉን ከፈተ።

ጢጥ አለች ጠባቂዋ።

አፉን ዘጋ። ኪሩቤል ቆመ፣ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው።

ጢጥ።

ሶፎንያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀለሙ የተላጠ ቢጫ ግድግዳ ነው፤ አፍንጫው ሊነካው ትንሽ ነበር የቀረው። ከኋላው ጋቢ ሲራገፍና ለሐዘን ሲደረብ ተሰማ። ከዚያ እግር፤ አንድ ደረጃ፣ እረፍት፣ አንድ ደረጃ፣ እረፍት። የሦስተኛው ፎቅ። የሁለተኛው። ግቢው ላይ ያለው ጠጠር።

ጠባቂዋ ዝም አለች። ሶፎንያስ አልዞረም። ማዶ ያለው ለቅሶ ረገብ ብሎ ነበር፤ ሰው ብዙ ሲሆን ሐዘንተኛ ለጊዜው ትዝላለች፣ ወሬም ይጀመራል። ግድግዳውን ተደግፎ ሰማ። በር ሲከፈት ሰማ።

ከዚያ ለቅሶው እንደገና ከፍ አለ፤ ከመጀመሪያው የበለጠ፣ የሚጠብቁት ሰው ሲገባ እንደሚነሣው።